አስረክበሽ አትመጪም

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ከተጠፋፋን ስንት ጊዜ ሆነን! «ጠፋሽ» ብዬ አልወቅስሽም፣ እኔም የት ነበርኩና። መልእክትሽን ሳየው ደስ አለኝ፣ አንብቤ ሳልጨርሰው ግን ሆዴ ተላወሰ። ልጅሽ የአእምሮ ሕክምና ማዕከል ገብቶ እዚያው እየኖረ እንዲታከም ሐኪሞቹ መክረውሻል። የእኔዋ ገብታ እንደነበር ከሰው ሰምተሽ ኖሯል። እንግዲህ «ምን ይጠብቀኛል?» ካልሽኝ ያየሁትንም የማውቀውንም ልንገርሽ።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንዳይምታታብሽ። የድንገተኛ አእምሮ ሕክምና ክፍል ሌላ ነው። ልጁ ራሱን ወይም ሰው ሊጎዳ ይችላል ተብሎ ሲፈራ፣ አደጋው እስኪያልፍ የሚተኛበት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆያል። የልጅሽ ግን በወራት የሚቆጠር ነው። መውጫውን ቀን ቆርጠው ካልነገሩሽ አይግረምሽ። ይልቅ «ለመውጣት ምን ምን መሻሻል አለበት?» ብለሽ ጠይቂ። ለዚህ የረባ መልስ የሌለው ማዕከል እኔን አያሳምነኝም።

የመግቢያው ቀን አድካሚ ነው። ጥያቄው አያልቅም። እርግዝናው እንዴት ነበር፣ መቼ አፉን ፈታ፣ በዘር የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው አለ ወይ፣ ቤት ውስጥ ጠብ አለ ወይ? «ምን አገባቸው» ማለትሽ አይቀርም። ግን ሳትደብቂ ንገሪያቸው፣ ምርመራውም መድኃኒቱም የሚመረጠው በዚያ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ከዚያ ሻንጣ ይፈተሻል። ነርሷ የልጄን ባለኮፍያ ሹራብ አነሳችና ገመዱን ስባ አወጣችው። ቀበቶዋን፣ የጫማዋን ማሰሪያ፣ ትንሿን መስታወት ለየች። ደብተሯ ጠርዙ ላይ ሽቦ ስለነበረው እሱም ቀረ። ልጄ ትንፍሽ አላለችም። ነርሷ ግን እያንዳንዱን ዕቃ ስታነሳ ለምን እንደምታስቀረው የምታስረዳው ለእሷ ነበር፣ ለእኔ አይደለም። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የምስክር ወረቀት ሁሉ ይልቅ ልቤን ያሳረፈው ይሄ ነው። አንቺም ስትሄጂ ልጁን እንዴት እንደሚያናግሩት ልብ ብለሽ እይ። ስልኩንም ወይ ይወስዱበታል ወይ በሰዓት ይገድቡበታል፣ አስቀድመሽ ንገሪው።

የመጀመሪያዎቹ ምሽቶች ከባድ ናቸው። «እማዬ ነይ ውሰጂኝ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» ትለኝ ነበር እየተንሰቀሰቀች። ይሄ በብዙ ልጆች ላይ የሚታይ ነው። «እንደከበደሽ ገብቶኛል፣ በጉብኝት ቀን እመጣለሁ» እላትና ስልኩን ዘግቼ የራሴን ለቅሶ እለቀዋለሁ። ነገር ግን አንድ ልዩነት ያዢልኝ። «ናፈቃችሁኝ፣ አስጠላኝ» ሌላ ነው። «መቱኝ፣ ነኩኝ፣ ዘግተውብኝ አደርኩ» ካለሽ ግን ናፍቆት ነው ብለሽ እንዳታልፊው። በዚያው ሰዓት ለኃላፊው ደውይ፣ በጽሑፍ እንዲመዘገብ አድርጊ፣ ሄደሽም በዓይንሽ እይው። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ በልጆች ላይ በደል የተፈጸመበት ጊዜ አለ። ልጅሽን በሳምንቱ ውስጥ ደጋግመሽ ማግኘትና ለብቻው ማናገር መቻል አለብሽ።

ተገላቢጦሹም አለ። አንዳንዱ ልጅ መጀመሪያ ላይ መልአክ ይሆናል። «ይሄን ልጅ ለምን አመጣነው?» እስክትዪ ድረስ። ከዚያ ሲለምዳቸው የቤቱ አመል ብቅ ይላል። ባሰበት ብለሽ አትደንግጪ። ሠራተኞቹም ይጠብቁታል፣ ያላዩትን ነገር ማከም አይችሉማ።

ውሎው ፕሮግራም አለው። ትምህርት አለ፣ ከቴራፒስት፣ ማለት በንግግር ከሚያክም ባለሙያ ጋር፣ ለብቻ ንግግር አለ፣ የቡድን ውይይት አለ። ትልቁ ሥራ ሐኪሙ ቢሮ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ግን እንዳይመስልሽ። ምግብ ላይ ሲጣሉ፣ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲል፣ ጠዋት አልነሳም ሲል አጠገቡ ያለው ተንከባካቢው ነው። ስለዚህ ሌሊት ስንት ሰው ተረኛ እንደሆነና ምን ሥልጠና እንዳላቸው ጠይቂ። ስለ ሕንፃው ማማር ያስጎበኙሽ ይሆናል፣ እሱን ተይው።

ልጅን በኃይል ይዞ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግንና ለብቻው ክፍል ውስጥ መዝጋትንም ሳታፍሪ ጠይቂ። መጠቀም ያለባቸው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያቅትና አደጋው ዓይን ላይ ሲመጣ ብቻ ነው፣ በዚያው ቀን ላንቺ መነገርም አለበት። ለቅጣት የሚያደርጉት ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጊ። የ1989 የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 25ም በሚመለከተው አካል ለሕክምና ከቤቱ ወጥቶ የተቀመጠ ልጅ ሕክምናውና አያያዙ በየጊዜው እንዲገመገምለት መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ «የሕክምና ዕቅዱን መቼ ነው የምንገመግመው?» ስትዪ የምትጠይቂው ውለታ አይደለም።

መድኃኒት ላይ አላስረዝምብሽ። የድባቴ መድኃኒት ቶሎ አይሠራም፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። በልጆችና በወጣቶች ላይ በተለይ ሲጀመርና መጠኑ ሲቀየር ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊጨምር ስለሚችል የቅርብ ክትትል ያስፈልጋል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከ2004 ጀምሮ በዚህ ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አስቀምጧል። ለሳይኮሲስ፣ ማለት የሌለ ድምፅ ለሚያሰማና ከእውነታው ለሚያርቅ ሕመም፣ የሚሰጡት አንዳንዶቹ ደግሞ ክብደት ይጨምራሉ፣ ስኳርና የደም ቅባትም መለካት አለበት። ለምን እንደታዘዘና ምን ለውጥ እንደሚጠበቅ ሳይነግሩሽ አትፈርሚ። በራስሽ ግን አታስቁሚ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እህቴ፣ ልጅሽን አስረክበሽ አትመጪም። ጥሩ ማዕከል ቤተሰቡንም ሥራ ያስገባዋል። ባለቤቴ የቤተሰብ ምክር ሲጠሩን «የታመመችው እሷ፣ እኛ ምን ልንባል ነው?» ብሎ አኩርፎ ነው የገባው። ቴራፒስቷ ግን ማናችንንም አልወቀሰችም። «በሩን በኃይል ስትዘጋው ማን ምን ያደርጋል?» ብላ ብቻ ጠየቀች። እኔ ተከትያት እሮጣለሁ፣ አባቷ ካለበት ሆኖ ይጮሃል፣ ወንድሟ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይጨምራል። ይሄንኑ እዚያው ክፍል ውስጥ አስለማመደችን፣ እንደ ቲያትር። አባቷ ዝቅ ባለ ድምፅ «ስትረጋጊ እዚሁ ነኝ» ማለትን ተለማመደ። ሲጀምር ሳቁ እየመጣ አስቸግሮት ነበር። ልጄ ግን ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም።

ለአንድ ቀን ወይም ለአንድ አዳር ወደ ቤት ሲልኩት ዕረፍት አታድርጊው። ፈተና ነው። ቀኑ ከተበላሸ ደብቀሽ አትመልሺው፣ የተጣላችሁበትን ነገር ዘርዝረሽ ንገሪያቸው። ሕክምናው የሚስተካከለው በዚያ ነው። እህቱንም አትርሻት። በእሱ ምክንያት ዝም ብላ የከረመች ልጅ ናት።

መውጫው ላይ ደግሞ አብዝተሽ ተጠንቀቂ። ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ አለሽ» ይልሻል። ግን ራስን የመጉዳት አደጋው ከፍ የሚለው ልክ ከወጡ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ነው። በሳምንቱ ውስጥ የሚያየው ሐኪም ቀጠሮ በእጅሽ ሳይኖር አታስወጪው። ሲከፋው ምን እንደሚያደርግ፣ ለማን እንደሚደውል የተጻፈ ዕቅድ ይኑራችሁ። መድኃኒትና ስለት ቆልፊ። ከትምህርት ቤቱም ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ግማሽ ቀን ቢያደርጉለት ጥሩ ነው።

ሰው ለሚልሽ ነገር ጆሮ አትስጪ። «ሕክምና ላይ ነው» በያቸው። እውነት ነው፣ በቂም ነው።

የእኔዋ እንዴት ናት ብለሻል። ትማራለች፣ መድኃኒቷን ትወስዳለች፣ የሚከፋት ሳምንት አሁንም አለ። አሁን ግን ሲከፋት ትነግረኛለች።

የመግቢያው ቀን ሲቆረጥ ጻፊልኝ። በዋዜማው ደውይልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ። ይሄን ደብዳቤ ለአባቱም አንብቢለት። የቤተሰብ ምክር የምትለዋን ቦታ ሁለቴ።

እህትሽ