ቤታችንን የምናሞቀው በከሰል ነው

ለአዘጋጁ፣

ባለፈው እሑድ ስለ ቤቶች የኃይል ቁጠባ ደረጃ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት። የእንግሊዝ ቤቶች ከኤ (ከምርጡ) እስከ ጂ (እስከ መጨረሻው) ደረጃ እንደሚሰጣቸው፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ከኢ በታች የሆነ ቤት ማከራየት በሕግ እንደተገደበ በደንብ ጽፋችኋል። መጨረሻው ላይ ግን አዲስ አበባ አየሯ ምቹ ስለሆነ ቤት ማሞቅ የሚባል ነገር የለም አላችሁ። ማንን ጠይቃችሁ ነው?

ሐምሌ ላይ፣ ማታ፣ ፒያሳ አካባቢ ሰባ ደረጃ ከሚባለው መወጣጫ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈራችን እለፉ። በየደጃፉ ከሰል ይራገባል። ሁሉም ለቡና አይደለም። ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው እኮ ከብርድ በሸሹ ሰዎች ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ያሠሩት ሙቀት ፈልገው ነው። ዛሬም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነን።

ቤታችን የቀበሌ ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ የማዳበሪያ ኮርኒስ። ጭቃው ደህና ነው፤ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያመሻል። ቆርቆሮው ግን ፀሐይ እንደገባች ይቀዘቅዛል። ሊነጋጋ ሲል ከውስጥ በኩል ያልበውና ማዳበሪያው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ግድግዳውና ክዳኑ የሚገናኙበት ቦታ እጅ ያስገባል። እናቴ በሊጥ ጋዜጣ እየለጠፈች ነው የደፈነችው። ራስጌዬ ላይ ያለው የእናንተው ጋዜጣ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት እህቴ አራስ ነበረች። አራስ ብርድ እንዳይመታት ማን የማይጠነቀቅ አለ? ከሰሉን ደጅ አቀጣጠልን። ጭሱ እስኪያልቅ ጠበቅን። ፍም ሲሆን አስገብተን በሩን ዘጋን። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እናቴ ራሴን አመመኝ ብላ ልትነሳ ስትል ወደቀች። ያተረፈን የእሷ መውደቅ ነው። ድምፁ ቀሰቀሰኝ። ጉልበቴ እየከዳኝ በሩን ከፈትኩት። እህቴን ብንጠራት አትመልስም፤ ሕፃኑ እቅፏ ውስጥ ዝም ብሏል። ደጅ አውጥተናቸው ነው ቀስ በቀስ የነቁት። ጭስ ከሌለ አይጎዳም ብለን ነበር የምናምነው። ለካ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከሰሉ ፍም ከሆነ በኋላም ይወጣል።

እኛ ተረፍን። ያልተረፉ አሉ። ቤት ዘግተው ከሰል አንድደው ስለሞቱ ሰዎች እናንተም ዜና ትሠራላችሁ። እነዚያ ሰዎች ምን ሲያደርጉ የሞቱ ይመስላችኋል? ቤት ሲያሞቁ ነው! አንዱ ገጻችሁ የሚያውቀውን ሌላው ገጽ እንዴት አያውቅም?

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ግዙ የሚለን አይጠፋም። እናስላው። ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ በ25 ሰዓት 50 ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሳል። ርካሹ የመብራት ታሪፍ እርከን ለወሩ እዚያው ላይ ያበቃል። በወር ውስጥ ለእያንዳንዱ ሌሊት አንድ ሰዓት እንኳ አይደርስም። ምጣዱንና አምፖሉን ገና አልቆጠርኩም። በዚያ ላይ በግቢያችን አምስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ነው የምንጠቀመው። የሁላችንም ፍጆታ ተደምሮ ውዱ እርከን ላይ ይጥለናል። እንጀራ የምንጋግረው በተራ ነው፤ ሁለት ምጣድ አንድ ላይ ከተሰካ መብራቱ ድርግም ይላል። ከሰል ቆጣሪ ላይ ስለማይታይ ነው እንግዲህ ቤት አያሞቁም የተባልነው።

አምና በገዛ ገንዘባችን ደህና ኮርኒስ ልናሠራ ፈቃድ ጠየቅን። ሦስት ጊዜ ተመላለስን። በመጨረሻ ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ ሳይፈቀድ እንዳትነኩት ተባልን። ፈቃዱ እስከ ዛሬ አልመጣም። በእንግሊዝ ቤቱን አስተካክል የሚባለው አከራዩ ነው ብላችሁ ጽፋችኋል። ያንን ጥያቄ እዚህም አንሱልን። የኛም አከራይ ይታወቃል።

ዘገባው ይታረምልን። ጋዜጠኛችሁንም ላኩት፣ ቡና አፍልተን እንቀበለዋለን። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ይምጣ፤ ከሰሉ የሚገባው ያኔ ነው። ከዚያች ሌሊት ወዲህ መስኮቱን ገርበብ አድርገን ነው የምናድረው። ሙቀቱም በዚያው ይወጣል።

ከሰባ ደረጃ አካባቢ አንዲት አንባቢያችሁ