ከግድቡ እስከ ምጣዱ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ታዳሽ ኃይል በምታወጧቸው ጽሑፎች ደጋግሞ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ቀጥሎ የቱ ይገንባ? ውኃ፣ ንፋስ፣ ፀሐይ ወይስ የከርሰ ምድር እንፋሎት? እኔ ግን ቅድሚያ የሚገባው ከማከፋፈያ ጣቢያ እስከ ቤታችን ላለው ሽቦና ትራንስፎርመር ነው እላለሁ።

የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ እንባዬ መጣ። ከደመወዜ ቦንድ ገዝቻለሁ፣ በ8100 ልኬያለሁ። 5,150 ሜጋ ዋት ቀላል ነገር አይደለም። በዚያው ሳምንት፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ እንጀራ እየጋገርኩ መብራት ሄደ። ምጣዱ ላይ የነበረው እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ቀረ። ሊጡ ገና ግማሽ ባልዲ ነበር። አመሻሽ ላይ ሰፈሩ በጭስ ታፈነ፤ ሁሉም እንጨትና ከሰሉን አውጥቷል።

የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ነው። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። 200 ኬቪኤ ትራንስፎርመር፣ ማለትም ቢበዛ 200 ኪሎ ዋት የሚሸከም፣ ላይ 60 ቤት እኩል ከጣደ አቅሙ አለቀ። በበዓል ዋዜማ ደግሞ የማይጥድ ቤት የለም! ሰፈሩ በየዓመቱ ይሰፋል፣ ትራንስፎርመሩ ያው የድሮው ነው። ከ2016 ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ አሁን በየግቢው መኪና ቻርጅ ይደረጋል። ደስ ይለኛል፣ ግን የሚሰካው እዚያው ሽቦ ላይ ነው።

ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ የሚገባ፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር ዘርግተናል። ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ ያሉት ጎረቤቶቼ ግን አሁንም ከሰው ቆጣሪ ስበው ነው የሚጠቀሙት። ሽቦው በባሕር ዛፍ እንጨት ተደግፎ፣ ሰው ራስ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ልጆች ከሥሩ ኳስ ይጫወታሉ። ዝናብ ሲጥል ልቤ አያርፍም።

በ2011 የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም እስከ 2017 መብራት ለሁሉም እንዲዳረስ፣ 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው በፀሐይና በመሳሰሉት እንዲያገኝ አቅዶ ነበር። ጊዜው አልፏል፤ ግማሽ የሚጠጋው ሕዝብ ገና አላገኘም። አብዛኛው ቤትም ዛሬም የሚያበስለው በእንጨትና በኩበት ነው። ሩቅ ያለው ገጠር ሽቦ እስኪደርሰው አይጠብቅ፣ የፀሐይ ኃይሉ አሁኑኑ ይግባለት። ከተማና ከተማ ዳር ያለነው ግን ችግራችን የታወቀ ነው።

ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። እከፍላለሁ፣ አላማርርም። የጨመርነው ገንዘብ ግን መጀመሪያ ለሰፈር ትራንስፎርመር፣ ለምሰሶና ለቆጣሪ ይዋል። እናንተም ስንት ሜጋ ዋት እንደመነጨ ስትጽፉ፣ በዚያ ሩብ ዓመት ስንት ትራንስፎርመር እንደተቀየረና ስንት ቤት አዲስ ቆጣሪ እንደገባለት ጠይቁልን።

አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ ዳርቻ