ክረምቱን ከመርማሪዎቹ ጋር

ሰላም አዘጋጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የምጽፍላችሁ ከጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ነው። እኛ ጋ ሰኔ ከገባ ዝናቡ ፋታ አይሰጥም፣ ከሰዓት በኋላ ቤት ተቀምጦ ቡና ከመጠጣትና ከማንበብ ሌላ ምን አለ፣ ስለዚህ እኔና ሦስት ጓደኞቼ ዘንድሮ ክረምቱን ሙሉ ልብ አንጠልጣይ የወንጀል ልቦለድ ብቻ ልናነብ ፕላን አውጥተናል።

መጀመሪያ የልቦለዱ መርማሪ ሼርሎክ ሆልምስ ነው። ደራሲው ኮናን ዶይል ስለሱ 4 ረጃጅም ልቦለዶችና 56 አጫጭር ታሪኮች ነው የጻፈው፣ እኔ ካጫጭሮቹ እንጀምር ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም አንዱን ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ትጨርሱታላችሁ።

ነሐሴ ላይ አጋታ ክሪስቲ። እሷን በጣም ነው የምወዳት! በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ሠርታለች፣ መርዙን ሁሉ አብጠርጥራ የምታውቀው ከዛ ነው፣ በ1920 እ.ኤ.አ. በወጣው የመጀመሪያ መጽሐፏም ታሪኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ የምትገደለው በመርዝ ነው።

አንድ ሕግ አለን። የመጨረሻው ምዕራፍ ጋ ስንደርስ መጽሐፉን ዘግተን ገዳዩ ማነው የሚለውን እያንዳንዳችን ወረቀት ላይ ጽፈን እናጥፋለን፣ የሚከፈተው እሁድ ቡና ላይ ነው። (አምና የገዛሁት አሮጌ መጽሐፍ መጨረሻው ተገንጥሎ ነበር፣ እስካሁን ያንገበግበኛል፣ ስትገዙ መጨረሻውን ቼክ አድርጉ፣ ግን እንዳታነቡት!)

የሌላ ከተማ አንባቢዎችስ ምን ይዛችኋል? በአማርኛ የተጻፈ ጥሩ የምርመራ ልቦለድ የምታውቁ እዚሁ ጋዜጣ ላይ ጠቁሙን፣ የመስከረሙን ቦታ ክፍት ትተንላችኋል።