«እሷማ የኮሪደር ናት»

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ግንፍሌ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። መጀመሪያ የእርሳስ ፊደል ለቃሚ ነበርኩ፤ ከብረት የተሠራውን የማተሚያ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀምኩ ገጽ እደረድር ነበር፤ ኋላ ኮምፒውተር ሲመጣ አራሚ አደረጉኝ። ያ አመል ስላለቀቀኝ ጋዜጣችሁን ሳነብ እስክሪብቶ እይዛለሁ። ባለፈው እትም ሦስት የፊደል ግድፈት አግኝቻለሁ። የዛሬው ጉዳዬ ግን እሱ አይደለም። ጉዳዬ ዛፍ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ የስምንት ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ ዳገቱን በእግር ወደ አራት ኪሎ እወጣለሁ። መድረሻችን በ2014 የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ነው። እሷ የሥዕል መጽሐፏን ትመርጣለች። እኔ ጎኗ ቁጭ ብዬ አነባለሁ፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ አንቀላፋለሁ። ልጅቷ ጠያቂ ናት። መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ «ይሄ ምንድን ነው?» ካላለች እግሯ አይራመድም።

አንድ ቅዳሜ በከተማው የመንገድ ማስዋብ ሥራ፣ በኮሪደር ልማቱ፣ መንገድ ዳር አዲስ የተተከሉትን ችግኞች በጎማ ውሃ የምታጠጣ ወጣት አገኘን። የልጅ ልጄ ቀረብ ብላ፣ «ይቺ ዛፍ ማን ትባላለች?» አለቻት። ወጣቷ ችግኟን ዞር ብላ አየቻት፤ እንደማሰብ አለች።

«እሷማ የኮሪደር ናት» አለች።

ሳቅኩ። ሳቄ ብዙ አልቆየም። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረችና፣ «አባባ፣ አንተስ ስሟን ታውቃለህ?» አለችኝ። «አውቀው ነበር፣ ረሳሁት» ብዬ ዋሸሁ። አንዲት ፊደል ስትዘለል እንቅልፍ የሚነሳኝ ሰውዬ፣ ስንት ዓመት በጥላቸው ሥር ያለፍኩባቸውን ዛፎች ስም አላውቅም። የአራት ኪሎ ልጅ ነኝ እያልኩ ስፎክር ነው የኖርኩት።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷ መንዝ ነው ያደገችው። በረንዳችን ላይ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ጤና አዳም፣ በሶብላና ዳማከሴ ታበቅላለች። አንዱ ጎረቤት ምች ሲመታው ዳማከሴ ፍለጋ የሚመጣው እኛ ቤት ነው። «የልጅቷን ጥያቄ እኔ ጋ ላካት» አለችኝ፣ ኮራ ብላ። ልክ ናት። የልጅ ልጃችን ወይራን ታውቀው ነበር፤ የምታውቀው ግን በጢሱ ነው። አያቷ የወተቱን ዕቃ ስታጥን አፍንጫዋን ይዛ የምትሸሸው ጢስ፣ ቅጠል ካለው ዛፍ እንደሚመጣ አልጠረጠረችም። ለእሷ ወይራ ማለት ከጉሊት በእስር የሚገዛ እንጨት ነው።

መጽሐፍስ? መጽሐፍማ አላት። ከውጭ በመጣ የተረት መጽሐፏ ውስጥ ሽኮኮዋ ፍሬ የምትለቅምበትን ዛፍ ስጠይቃት «ኦክ ነው» አለችኝ፣ ሳታመነታ። እኔ በሕይወቴ ኦክ አይቼ አላውቅም። ግድግዳችን ላይ የተለጠፈው የፊደል ገበታ ደግሞ ዘ ላይ ሲደርስ አንድ አረንጓዴ ነገር ሥሎ ከሥሩ «ዛፍ» ይላል። በቃ፣ ዛፍ። በግን እንስሳ ብሎ ያለፈ የፊደል ገበታ አላየሁም። ዘ ላይ ዝግባ ቢባል ምን ነበረበት?

ከዚያ በኋላ ሁለታችን ቅጠል መልቀም ጀመርን። የወደቀውን ብቻ ነው፤ መቀንጠስ ክልክል ብለን ተስማምተናል። ቅጠሉን ጋዜጣ መሃል አድርገን፣ ላዩ ላይ አሮጌ መዝገበ ቃላት እንጭናለን። አትቀየሙኝና ጋዜጣው የእናንተ ነው። ወረቀታችሁ እርጥበት ጥሩ አድርጎ ይመጥጣል። ባለቤቴ «ቤቱን ገለባ አደረጋችሁት» እያለች ታማርራለች፤ ስሙን ስንሳሳት ግን ከወጥ ቤት ሆና ታርመናለች።

ወደ ክረምቱ ማብቂያ ላይ ልጅቷ አንድ ሐሳብ አመጣች። የፓስታ ካርቶን በመቀስ ቆርጠን፣ በማርከር ስም ጽፈን፣ በሲባጎ ሰፈራችን ባሉ አምስት ዛፎች ላይ አሰርን። ምስማር አልተጠቀምንም። ጽሑፉ የእሷ ነው፦ «ስሜ ጥድ ነው»፣ «ስሜ ወይራ ነው»። የፊደሉን አራራቅ እኔ ነኝ ያስተካከልኩት፤ እጄን ስለበላኝ።

በሁለተኛው ቀን አንድ ጥበቃ ካርቶኖቹን ሰብስቦ ይዞ አገኘነው።

«አባት፣ ማስታወቂያ መስቀል ክልክል ነው።»

«የምን ማስታወቂያ? ስማቸው እኮ ነው።»

«ስምም ቢሆን ፈቃድ ይፈልጋል።»

አልፈርድበትም። ቤት አከራይና ደላላ ግንዱን ሁሉ በወረቀት ሲሸፍነው ኖሯል፤ እሱ ታዲያ በምን ይለየን? ካርቶኖቹን መለሰልንና ሄደ።

የባሰው ውርደት የመጣው ግን ከሌላ ወገን ነው። እዚያው በቆሎ የሚጠብሱ አንዲት እናት ነገሩን ሲከታተሉ ቆይተው ኖሮ ጠሩኝ። «ጋሼ፣ ያ ወይራ ያሉት ወይራ አይደለም» አሉኝ። «ቅጠሉን ገልብጠው ይዩት። ወይራ ሆዱ ወርቅማ ነው።» ገለበጥኩ። ሆዱም ጀርባውም ያው አረንጓዴ ነው። ልጅቷ ፊት ፊቴ ቀላ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዛፉ ቀይ አበባ አወጣ፤ ቁርጥ የጡጦ ማጠቢያ ብሩሽ። ከአውስትራሊያ የመጣ የጌጥ ዛፍ ነው አሉኝ። በፊደል ለቀማ ዘመኔ እንዲህ ያለ ስህተት ብሠራ ገጹ በሙሉ ፈርሶ እንደገና ይለቀም ነበር።

ታዲያ የምጠይቀው ምንድን ነው? ከተማችን በየመንገዱ ዛፍ እየተተከለላት ነው። ከየዛፉ ሥር፣ ሁሉም ቢቀር በየሃያው ዛፍ አንድ፣ ትንሽ የስም ሰሌዳ ይቁም። ስሙ፣ አገሩ፣ ለምን እንደሚውል፤ ሦስት መስመር ይበቃል። ቤታችን ቁጥር አለው። የመብራት ቆጣሪያችን ቁጥር አለው። ዝግባውስ ምን በደለ?

«ማን ያውቀዋል?» እንዳይባል፣ አዋቂዎቹ ሩቅ አይደሉም። አራት ኪሎ የሳይንስ ፋካልቲ ግቢ ውስጥ የደረቁ ዕፅዋት ተሰንደው የተቀመጡበት ብሔራዊ ሄርባሪየም አለ። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት መዝግቦ ስምንት ቅጽ መጽሐፍ ያደረገው ሥራ ከዚያ ነው የወጣው። ወደ 30 ዓመት ገደማ ፈጅቷል፤ ወደ 6,000 የሚጠጋ ዝርያ ይዟል። ትልቅ ሥራ ነው። ግን የተጻፈው በእንግሊዝኛ ለባለሙያ ነው። እኛ በየሳምንቱ በአጥሩ ሥር እያለፍን የዛፉን ስም ከበቆሎ ጠባሿ ነው የምንማረው። እሳቸው ደግሞ አይሳሳቱም፤ ሌላ ነገር ነው።

ሰሌዳው ብረት ከሆነ ግን በሳምንቱ ቆራሌው ኬሻ ውስጥ ይገባል። እኔ የምመክረው ሸክላ ነው። ቀጨኔ ድንቅ የሸክላ ሠሪዎች አሉ። ሸክላ ላይ በእርጥቡ የተቀረጸ ፊደል ዝናብ አያጥበውም፤ ሲሰበርም ፕላስቲክ አይደለምና አፈር ነው።

ሌላም አለ። የልጅ ልጄ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ፣ «አባባ፣ ወይራ እኮ ኤጄርሳም ይባላል» አለችኝ። የክፍል ጓደኛዋ ነው የነገራት። ስለዚህ ኦሮምኛውም ይጻፍ። ጊዮርጊስ አካባቢ ድሮ ቢርቢርሳ ይባል ነበር፤ ቢርቢርሳ ዝግባ ማለት ነው። ሾላ ገበያ ሾላ ይዞ ቀርቷል፤ ወይራ ሰፈርም ስሙ አለ። ዛፉ ሄዶ ስሙ የቀረበት ከተማ ውስጥ ነው የምንኖረው፤ አሁን ደግሞ ዛፉ መጥቶ ስሙ ቀርቷል።

የውጭ ዛፍ ይነቀል እያልኩ አይደለም። ባሕር ዛፍ ስሙ ራሱ ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን ይናገራል። በምኒልክ ዘመን ማገዶ ጠፍቶ ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊነሳ ሲል ያቆየው እሱ ነው። ለእንግዳውም ለባለቤቱም ስሙ ይጻፍለት ነው የምለው።

ከእናንተ ደግሞ የምለምነው ቀላል ነው። በሳምንት አንድ የአዲስ አበባ ዛፍ፣ ከፎቶው ጋር፣ ከስፖርቱ ገጽ ጥግ ትንሽ ቦታ ቆርሳችሁ አውጡልን። አርትዖቱን በነጻ እሠራለሁ።

ለመጀመሪያው እንዲሆናችሁ አንድ ቅጠል ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ። የለቀመችው የልጅ ልጄ ናት፤ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ፣ በስተግራ፣ ከአጥር ውጭ ከቆመ ረጅም ዛፍ ሥር። ከላይ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ከሥሩ ነጣ ብሎ ጠጉር ጠጉር ይላል። ሲታሽ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ባለቤቴ አላወቀችውም። በቆሎ ጠባሿ እናትም ገልብጠው፣ አሽተው፣ አሽትተው «ይሄስ የእኛ አገር አይደለም» ብለው መለሱልን። ከአንባቢዎቻችሁ የሚያውቅ ካለ ስሙን አውጡልን። ካርቶኑን ቆርጠን፣ «ስሜ» ብለን ጽፈን፣ ቀሪውን ባዶ ትተን እየጠበቅን ነው።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛው ፊደል ለቃሚ
ከግንፍሌ፣ አዲስ አበባ