ትኩሳቱ ጠፋ ማለት ድኗል ማለት አይደለም

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ማጅራት ገትር ሲወራ ሁሌ የሚነሳው በባክቴሪያ የሚመጣው ነው፣ እሱ ገዳይ ስለሆነ ልክ ነው፣ ግን በቫይረስ የሚመጣው «ቀላሉ ነው» ተብሎ ስለሚታለፍ ታሞ የተነሳ ሰው ግራ ይገባዋል። እኔም ታምሜ ስለነበር ነው የምጽፈው። ብዙ ጊዜ የሚያመጡት ኢንትሮቫይረስ የሚባሉት ናቸው፣ አንቲባዮቲክ አይሰራባቸውም፣ አብዛኛው ሰው ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይሻለዋል። እሺ፣ ትኩሳቱና የአንገት መገተሩ ይጠፋል፣ ከዛ በኋላስ? ድካሙ፣ ራስ ምታቱ፣ ብርሃንና ጫጫታ አለመቻሉ፣ አንድ ገጽ አንብበህ ምን እንዳነበብክ መርሳቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ በትንሽ ትልቁ ሆድ መባሱ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ሊቆይ ይችላል፣ ከውጪ ሲያዩህ ደግሞ ጤነኛ ስለምትመስል «እስካሁን አልተሻለህም እንዴ?» ይሉሃል፣ እኔን ከበሽታው በላይ ያደከመኝ ይሄ ነው።

አሰሪዎችና አስተማሪዎች ይሄን ቢያውቁልን በጣም ነው የሚጠቅመው። በግማሽ ቀን መጀመር፣ መሀል ላይ ማረፍ፣ ስክሪን መቀነስ፣ በቃ ይሄ ብቻ ብዙ ያግዛል።

የቫይረሱ አይነት ዘላቂ ጉዳት ብዙም አያመጣም። ግን መስማት ከቀነሰ፣ የሚጥል አይነት መንቀጥቀጥ ከመጣ ወይ ትኩሳቱና የአንገት መገተሩ ከተመለሰ ቶሎ ሐኪም ጋር መሄድ ነው፣ ሁለቱን አይነት በምልክት ብቻ መለየት ስለማይቻል ቤት ቁጭ ብሎ መገመት አደጋ አለው።

እባካችሁ በጤና ዓምዳችሁ ስለማገገሚያው ጊዜም ባለሙያ አነጋግራችሁ ጻፉልን።

አንባቢያችሁ