የመድኃኒት ቀጠሮ ያለው ሠራተኛ ለምን ይዋሻል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ የግል ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። የፈቃድ ቅጾች በእጄ ያልፋሉ። «ለቅሶ»፣ «የቤተሰብ ጉዳይ»፣ «መታወቂያ ላሳድስ» ይላሉ። አንዳንዱ ለቅሶ የኤችአይቪ መድኃኒት ቀጠሮ መሆኑን የነገረችኝ አንዲት ባልደረባዬ ናት። ስሟን ሳልጠቅስ እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። አለቃዋ «የሐኪም ማስረጃ አምጪ» አላት። ወረቀቱ የታከመችበትን ክፍል እንዳይናገርባት ፈራች። ቀጠሮው አለፈ፣ መድኃኒቷም ተቋረጠ።

እንዲህ ያለ ነገር ዛሬም መኖሩ ያሳዝነኛል። በአገራችን መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። አሁን ብዙው ሰው በቀን አንድ ክኒን ይውጣል። በአግባቡ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ሥራውንም እንደ ማንኛችንም ይሠራል። መድኃኒቱ ሲቆራረጥ ግን ቫይረሱ ይላመደዋል፣ ሕመም ይከተላል። ድርጅቱም ዓመታት ያሠለጠነውን ሰው ያጣል።

አሠሪዎች «ይሄ የመንግሥትና የእርዳታ ድርጅቶች ሥራ ነው» ሲሉ እሰማለሁ። እርዳታው ምን ያህል እንደሚታመን ግን አይተናል። ጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ገንዘብ በድንገት ሲቆም፣ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ በሺህ የሚቆጠሩ የጤና ባለሙያዎች ከሥራ ወጡ። በሽታው ደግሞ ሩቅ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በከተሞች በተደረገው ጥናት፣ ከ15 እስከ 64 ዓመት ካሉ 100 ሰዎች 3ቱ ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ ነበር። ካዛንቺስ ያለ ትልቅ ሆቴል ወይም ስታዲየም አጠገብ ያለ ባንክ «አይመለከተኝም» ሊል አይችልም። ከገጠር መጥተው በግንባታ ላይ የሚያድሩትን ወጣቶችማ ማን እያስተማራቸው ነው?

ሕጉ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በኤችአይቪ ምክንያት ሠራተኛን ማግለል ይከለክላል። የጎደለው የአሠሪው ፈቃደኝነት ነው። ወጪውም ያን ያህል አይከብድም፦ የግማሽ ቀን ፈቃድ፣ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ኮንዶም፣ አልፎ አልፎ ባለሙያ ጋብዞ ቡና እየጠጡ መወያየት። ድሮ ይሄ ሁሉ በየመሥሪያ ቤቱ ነበር፤ ማን እንዳስቆመው አላውቅም።

የንግድ ምክር ቤቱ እዚሁ ሜክሲኮ ጎረቤታችን ነው። አባላቱን አንድ ነገር ይጠይቅልን፦ የሕክምና ቀጠሮ ላለው ሠራተኛ ክፍሉን የማይገልጽ ማስረጃ ይበቃል ይበሉ። እኔም ይህንኑ ለድርጅቴ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ፤ መልስ እየጠበቅኩ ነው።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከሜክሲኮ፣ አዲስ አበባ