ሁለት ልጆች በአንድ የጫማ ክር

ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ
ደሴ

ጉዳዩ፦ ስለ ስፖርት ክፍለ ጊዜ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ከቢሮዬ መስኮት ያየሁትን ልንገራችሁ። የጦሳን ተራራ ጉም ሸፍኖታል፤ ሜዳችንም ገና አልደረቀም። ሁለት የአምስተኛ ክፍል ሴት ልጆች አጥሩን ተከትለው ይሮጣሉ። አንደኛዋ ዓይነ ስውር ናት። የሁለቱ እጅ በአንድ ነጭ የጫማ ክር ተያይዟል። ክሩን የፈታችው የምታየዋ ልጅ ናት፣ ከራሷ ጫማ። ጫማው ከእግሯ ሊወልቅ እያለ ያስቸግራታል፤ እሷ ግን ጥግ በደረሱ ቁጥር «ግራ! ግራ!» ትላለች። ጓደኛዋን አንዴም ስትጎትታት አላየሁም።

ማን እንዳስተማራቸው ጠየቅኳቸው። «ያየሽ ጌቴ ስትሮጥ በስልክ አይተን ነው» አሉኝ።

ያየሽ በነሐሴ 2016 በፓሪስ በአካል ጉዳተኞች ኦሎምፒክ (ፓራሊምፒክ) በ1500 ሜትር ወርቅ ያመጣችልን ዓይነ ስውር አትሌት ናት። ያውም የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ። በእሷ ምድብ ሁሉም ሯጮች ዓይናቸውን ይሸፍናሉ፤ ከመሪ ሯጭ ጋር በገመድ ተያይዘው ይሮጣሉ። መሪው ከአትሌቷ ቀድሞ መጨረሻውን መስመር ካለፈ ውጤቱ ይሰረዛል። ሲያሸንፉ ግን መሪውም ሜዳሊያ ይጠልቅለታል። ይህን ደንብ በጣም ነው የወደድኩት። እኩል መሮጥ የሚችል ሰው፣ መጨረሻ ላይ ሌላውን ያስቀድማል።

በዚያው ውድድር ትዕግስት ገዛኸኝ በ1500 ሜትር ወርቅ፣ ይታያል ስለሺም በዚሁ ርቀት ብር አምጥተዋል። የትዕግስት ምድብ በከፊል ለሚያዩ ስለሆነ ብቻዋን ነው የምትሮጠው። ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ያገኘችውም እሷው ናት፣ በ2013 ቶኪዮ ላይ። አስቡት፣ በዚያ ክረምት የኦሎምፒክ ቡድናችን ከፓሪስ ይዞ የተመለሰው አንድ ወርቅ ነበር። የአካል ጉዳተኞቹ ቡድን ሁለት! በሆታ የተቀበልነው ግን የትኛውን ነው?

አሁን ወደ እኛው ጉዳይ ልምጣ። መሳቢያዬ ውስጥ ከእናንተ የመጡ ማመልከቻዎች አሉ። «ልጄ ከስፖርት ይቅርልኝ፣ ወድቆ እንዳይጎዳብኝ» የሚሉ። ስጋታችሁ ይገባኛል። የደሴን ዳገትና ኮብልስቶን ለሚያውቅ ወላጅ ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። እኔም ለዓመታት እሺ እያልኩ ፈርሜባቸዋለሁ። ጥፋቱ የእኔም ነው። ያቺ ዓይነ ስውር ልጅ እስካሁን በስፖርት ሰዓት ክፍል ውስጥ ብቻዋን የምትቀመጠው እኔ በፈረምኩት ወረቀት ነበር። ሐሙስ ዕለት ሮጣ ስትጨርስ ፊቷ በላብ ርሶ፣ «ቲቸር፣ ስንት ዙር ሮጥን?» አለችኝ። አልቆጠርኩም ነበር። አፈርኩ።

ስለዚህ ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ የሐኪም ማስረጃ ከሌለ በቀር ማንም ተማሪ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከስፖርት አይቀርም። ለእያንዳንዱ የሚሆነውን እንቅስቃሴ መምህራኑ ከእናንተ ጋር ተነጋግረው ይወስናሉ። በክራንች የሚሄደውም፣ በዊልቸር የሚመጣውም ድርሻ ይኖረዋል። አበበ ቢቂላ በመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላ በዊልቸር ሆኖ እንግሊዝ አገር በቀስት ውድድር ተሳትፏል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። በሰፈራችሁ፣ በጎረቤታችሁ፣ ወይም በራሳችሁ ቤት አካል ጉዳተኛ ስለሆነ ትምህርት ቤት ያልተላከ ልጅ ካለ አምጡት። ዕድሜው አለፈ አትበሉ። ሰው ምን ይላል ብላችሁም አትሸማቀቁ። አብሽሩ፣ መጀመሪያ እኔን አናግሩኝ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ በግቢያችን ልምምድ እንጀምራለን። ከዓይነ ስውራን ተማሪዎች ጋር የሚሮጡ ልጆች ያስፈልጉናል፤ ልጃችሁ ፈቃደኛ ከሆነ ላኩልን። ማሰሪያውን እኛ ገዝተናል። በቤታችሁ የጠበበ ግን ያልተቀደደ ሸራ ጫማ ካለ ይዛችሁልን ኑ፣ ከነክሩ።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር